ለዘሐራ የሰጠኋት የወረቀት ፈተና

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለንስሐ አባቴ በስልክ ስናዘዝ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን እዘላት ነበር። ባለፈው ወር ግን ለተበደለችው ለራሷ፣ ለዘሐራ፣ ፊት ለፊት ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቷል። እህል ይጥመኛል። አውቶቡስ መስኮት ላይ ፊቴን ሳይ አላዞርም። ቀልሎኛል ብዬ ግን በደሌን ላቅልለው አልፈልግም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳልሸራርፍ እጽፈዋለሁ። አንብባችሁ የመሰላችሁን ፍረዱ።

ስሜ ወይንሸት ነው። ቤይሩት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኮንትራት እየኖርኩ ሠራሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ደክዋኔ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁና በየቤቱ በሰዓት ማጽዳት ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ አረብኛውንም ቶሎ ነው የያዝኩት። በዚህ ምክንያት እዚያው ደክዋኔ ያለ አንድ ትንሽ የሴቶች ማኅበር እሑድ እሑድ ለሀበሻ ሴቶች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ አስተርጓሚ አደረገኝ። ስፌት አለ፣ ፀጉር ሥራ አለ፣ አረጋውያንን መንከባከብ አለ። እኔ የተመደብኩት እንክብካቤው ላይ ነው። አንዲት ሊባኖሳዊት ነርስ በአረብኛ ታስተምራለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው መጸዳጃ ቤት ስፈትግ ከርሜ እሑድ እሑድ አሥራ አራት ሴቶች «እትዬ» እያሉ ዙሪያዬን ይቀመጣሉ። ያቺን እሑድ እንዴት እንደምወዳት ማን ያውቅልኛል?

ዘሐራ ከእነዚያ አሥራ አራት ሴቶች አንዷ ነበረች። የወሎ ልጅ ናት፣ ከኔ ሰባት ስምንት ዓመት ታንሳለች። ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር ውስጥ አልጋ ላይ የቀሩ አንዲት አሮጊት ነበር የምትጠብቀው፤ ቴታ ትላቸዋለች፣ እንደ ሊባኖሶቹ፣ አያቴ እንደማለት ነው። ስድስት ዓመት አጥባ፣ አብልታ፣ አገላብጣ ይዛቸዋለች። የመጀመሪያው እሑድ ስመዘግባት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስሜን ብቻ ነው የምጽፈው። ለሴቶቹ እንዳትነግሪብኝ፣ አደራ» አለችኝ።

መዝገቡ ላይ ስለ እያንዳንዷ ሠልጣኝ ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልጋት የምንጽፍበት ቦታ አለ። በስሟ አንጻር «በቃልና በተግባር ትመዘን» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

አራተኛው እሑድ ላይ ነርሷ ዘገየችና «እኔ ላሳያችሁ» ብዬ ተነሳሁ። ትምህርቱ በሽተኛን ከአልጋ ወደ ወንበር ስለማዛወር ነበር። አንዷን ሴት አስተኝቼ፣ በሁለት ብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ዘሐራ ከኋላ፣ «እትዬ፣ በብብቷ አትያዣት፣ የሽማግሌ ትከሻ ይወልቃል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንቀት አልነበረም፣ ለተኛችው ሴት አዝና ነው። ከዚያ መጥታ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ የሴትዮዋን ወገብ በሁለት እጇ አቅፋ፣ ክብደቱን ወደ ራሷ ወስዳ እንደ ሕፃን አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ነርሷ ለካ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ብራቮ ዘሐራ! እንዲህ ነው!» ብላ አጨበጨበች። ሴቶቹም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ውስጤ ግን ተቃጠለ።

የዚያኑ ሰሞን የማኅበሩ አስተባባሪ ማዳም ሪማ ከቀጣዩ ዙር ጀምሮ ከራሳችን ከሀበሾቹ አንዷ አሰልጣኝ እንድትሆን መወሰኑን ነገረችን። የመጨረሻው ምዘና ላይ ማን እንደምትበልጥ ይታያል፣ ያኒ፣ ማለትም እጩ የምትሆነው እሷ ናት አለች። ሁሉም ሰው ዘሐራን ነበር የሚያየው። እኔም ነበርኩ የማያት። አስተርጓሚነቱ የኔ፣ አሰልጣኝነቱ የሷ ሊሆን ነው። ምን ነበረበት? እህቴ አይደለችም? ከኔ በላይ ስለምታውቅ እኔ ምን እቀንሳለሁ? ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያኔ ግን አንድም ሌሊት እንዲህ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

በዕቅዱ መሠረት ፈተናው የተግባር ነበር። አልጋ ይነጠፋል፣ እያንዳንዷ እየመጣች ሠርታ ታሳያለች፣ ነርሷ ታርማለች። እኔ ማዳም ሪማ ዘንድ ሄድኩና «ሴቶቹ ነርስ ፊት ያፍራሉ፤ በጽሑፍ ቢሆን ለሁሉም እኩል ነው፤ ለረጂዎቹም የሚታይ ወረቀት ይኖራችኋል» አልኳት። እውነት ይመስላል አይደል? ነርሷም ያን እሑድ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ለማዳም ሪማ ቀለላት። ፈተናውን በአማርኛ እንዳዘጋጅ ለኔ ተሰጠኝ። ሃያ ጥያቄ አወጣሁ። «በቃልና በተግባር ትመዘን» ብዬ የጻፍኩበትን ገጽ ከመዝገቡ ቀድጄ አዲስ ገጽ ገለበጥኩ። እኔ ነኝ የቀደድኩት። ማንም አላዘዘኝም።

የፈተናው ቀን ዘሐራ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የረሳሁ መስሏት ነበር። እጇን አውጥታ ስጠጋት በሹክሹክታ «እትዬ፣ አንብቢልኝማ፣ መልሱን በአፌ ልንገርሽ» አለችኝ።

«በፈተና ላይ አይፈቀድም» አልኳት፣ ጎን ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

አንገቷ ድረስ ቀላች። ሰዓቱ እስኪያልቅ ብዕሩን ይዛ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ከላይ «ዘሐራ» የሚል ብቻ ነበረበት። ዜሮ ሰጠኋት። ያ እንዳይበቃኝ፣ ከታች የአስተያየት ቦታው ላይ «ተነሳሽነት ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮው የፈተናው ነው ልል እችል ይሆናል፤ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ግን የማንም አይደለችም፣ የኔ ናት። ማዳም ሪማ አንብባ ተገረመች፣ ግን አመነችኝ። ከቀሩት ሠልጣኞች ጎልታ የወጣች ስላልነበረች፣ ትምህርቱን ስተረጉም የኖርኩት እኔ አሰልጣኝ ሆንኩ።

የዘሐራ ቴታ በዚያው ዓመት አረፉ። አንድ የአረጋውያን ማቆያ የእንክብካቤ ሰርተፊኬት ያላትን ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ ፈተናውን ያላለፈችው ዘሐራ ሰርተፊኬት አልነበራትም። መክተቡ፣ የሠራተኛ አገናኙ ቢሮ፣ ተራራ ላይ ያለ የሰባት ሰው ቤት ለጽዳት ወሰዳት። ሁለት ዓመት እሑድ የሚባል ነገር አላየችም አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ምን አደረግኩ? «አይዞሽ በሏት» አልኩ። ይኸው ነው ያደረግኩት።

እኔም በዚያው በወረቀት ፈተናዬ ቀጠልኩ። የተግባር ፈተና እንዳይመለስ እፈራ ነበር፤ ከተመለሰ ያኔ ለምን ቀረ የሚል ጥያቄ ይመጣል። አምና ግን አንድ ነገር ሆነ። ብርቱካን የምትባል ሠልጣኝ ከሃያ አሥራ ስምንት አምጥታ ሰርተፊኬቷን ይዛ ሄደች። ብዙ ሳትቆይ የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ከመታጠቢያ ወንበሩ ስታነሳቸው ከእጇ አምልጠው ወደቁ፤ ጭናቸው ተሰበረ። በብብታቸው ነበር የያዘቻቸው። ቤተሰቡ እያመናጨቀ ወደ መክተብ መለሳት። ደውላ እያለቀሰች «እትዬ፣ ጥያቄውን ሁሉ መልሼው አልነበር? ታዲያ እጄ ለምን አቃተው?» አለችኝ።

ብርቱካን እንዴት ሰው እንደሚነሳ ጽፋ እንጂ አንስታ አታውቅም። እኔ ነኝ በተግባር ያላስለመድኳት። አንዷን ለመጣል ያወጣሁት ፈተና ሌላዋን ያለአቅሟ አሳልፎ የሰው ጭን አሰበረ። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ዘንድሮ ሳብራ ገበያ ውስጥ፣ የሽንኩርት ጋሪና የልብስ ክምር መሃል፣ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ዘሐራ ናት። አቅፋ ሳመችኝ፤ «እትዬ ወይንሸት! ከስተሻልሳ!» አለችኝ። አሁን እሷም በሰዓት እንደምትሠራ፣ ዓይን ኤል ረማነህ ከሁለት ሀበሻ ሴቶች ጋር ክፍል እንደያዘች ነገረችኝና ስልኳን ሰጠችኝ። ያን ቀን ልነግራት አልቻልኩም። ስትስመኝ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህቺ ልጅ እስከዛሬ ድረስ የምትወቅሰው ራሷን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ልብስ እየተኮሰች ነበር። «ቁጭ በይ፣ ይህቺን ልጨርስ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ድፍረቴ ሳይቀዘቅዝ ጀመርኩ። ስለ መዝገቡ ገጽ፣ ስለ ሃያው ጥያቄ፣ ስለ «ተነሳሽነት ይጎድላታል» ነገርኳት። ቀንቼ እንደነበር ነገርኳት። ካውያውን አቆመችው።

«እኔኮ ጭንቅላቴ አይሠራም ብዬ ተቀብዬው ነበር» አለች። «ወላሂ። ያ ተራራ ላይ ሳለቅስ ማንንም አልረገምኩም። ይገባሻል ነበር የምለው ራሴን። ቴታን ያነሳሁበትን እጄን እንኳ ጠርጥሬው ነበር።»

«ይቅር በዪኝ ዘሐራ።»

«አሁን አትጠይቂኝ። ለኔ ብቻ ሹክ ብለሽ ልትሄጂ ነው? የወደቅኩት በሴቶቹ ፊት ነው። በሴቶቹ ፊት ተናገሪ።»

ልክ ነበረች። ሰኞ ዕለት ሥራዬን አስፈቅጄ ማዳም ሪማ ቢሮ ገባሁ። ስጨርስ የያዘችውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ስድስት ዓመት? ያኒ ስድስት ዓመት እዚህ እየመጣሽ?» አለችኝ። ከዚያ «ኸላስ፣ በቃ፣ ይህን ዙር አታሰለጥኚም» ብላ ፊቷን አዞረች። የሚገርማችሁ ነገር፣ ከቢሮው ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ስፈራው የኖርኩት ነገር ይኸው ነበር? ደረጃውን ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ሳቅሁ። አለቀስኩም።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ተናገርኩ። ከያኔዎቹ ሴቶች አራቱ ነበሩ፣ ሌሎቹ አዲስ ናቸው። አንዷ «ሃራም ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ሌላዋ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ብርቱካንን አስቀድሜ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያት ነበር፤ እሷም መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ዘሐራ ከፊት፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሰማችኝ። አንዴም አንገቷን አልደፋችም።

ከዚያ ነርሷ ተጠርታ መጣች። አልጋው ተነጠፈ። ዘሐራ በተግባር ተፈተነች፣ ጥያቄው በቃል ተነበበላት፣ በአፏ መለሰች። ነርሷ እዚያው ፈርማ ሰጠቻት። አሁን በየእሑዱ የማንሳቱን፣ የማገላበጡን፣ የማጠቡን ትምህርት የምትሰጠው ዘሐራ ናት። ብርቱካን ከሠልጣኞቹ አንዷ ሆናለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዕቅዱን እጽፋለሁ፤ ዘሐራ በቃል ትነግረኛለች፣ እኔ አሰፍራለሁ፣ መልሼ አነብላታለሁ። «እዚህ ጋ እንዲህ አላልኩም፣ አስተካክይ» ስትለኝ አስተካክላለሁ። እያንዳንዷ ሴት ከመመዝገቧ በፊት እንዴት መመዘን እንደሚቀላት ትጠየቃለች፤ መልሷ የተጻፈበት ገጽ ላይ ማዳም ሪማ ትፈርማለች።

ይህን ሁሉ አስተካከልኩ ብዬ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። የተቀደደውን ገጽ መልሶ የሚሰፋው የለም። ተራራው ላይ ያለፉት ሁለት ዓመታት አይመለሱም፤ የሽማግሌውም ጭን እንደ ድሮው አይሆንም። ችግር ነበረብኝ፣ ስደት ላይ ነበርኩ እያልኩ ላመካኝ እችላለሁ። ዘሐራም ስደት ላይ ነበረች። ቀንቼ ነው ያደረግኩት። ሌላ ስም የለውም።

ዘሐራ እስካሁን «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለችኝም። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኳትም። ያለፈው እሑድ ሥልጠናው ሲያልቅ ዕቃ ስሰበስብ ዘግይቼ ወጣሁ። ወደ ዶራ የሚሄደው ቫን ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ሴቶቹ ገብተዋል። ዘሐራ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ያላ እትዬ፣ ግቢ እንጂ! ሊሞላ ነው» አለችኝ። ሮጬ ገባሁ። ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ተቀመጥኩ። ዶራ እስክንደርስ ስለሚቀጥለው እሑድ ትምህርት አወራን።