ናናዋ የበቀለችበት

ባለፈው ቅዳሜ አምቦ ገበያ ቀጠማ ሳገላብጥ እጄ ናና ናና ሸተተኝ። እስሩ ውስጥ ከነሥሯ የተነቀለች አንዲት የጨፌ ናና ተቀላቅላለች።

በልጅነቴ፣ እጃጂ በሚባለው አገራችን፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ጨፌ ይህች ትንሽ ናና የምትበቅለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ላዩ ሣር የለበሰ ማጥ ዙሪያ። አባቴ "እሷን አትንኩ፤ የማጡ አጥር ናት" ይለን ነበር። እሾህ የሌላት ናና እንዴት አጥር እንደምትሆን አልገባኝም። ለኢሬቻ ይዣት ልሄድ ብዬ አንድ ማታ ሙልጭ አድርጌ ነቀልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ በሬያችንን በዚያ በኩል ነዳው። በሬው እስከ ሆዱ ሰመጠ። አባቴ ቀንዱን ሲስብ እሱም እስከ ወገቡ ገባ።

"ልቀቀው አንተ ሰው! ነፍስህ አይበልጥም?" እያለ ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ገመድ ወረወረለት።

"በምን ልረስ?" አለ አባቴ። ጭቃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ነው የለቀቀው።

የደረሱት ሰዎች እሱን ጎትተው አወጡት፤ በሬውን ማጡ ዋጠው። አባቴ ጭቃ እንደለበሰ ዙሪያውን እያየ "ናናዋስ? ናናዋ የት ሄደች?" አለ። እጆቼን ከኋላዬ ደበቅሁ። ገና ናና ናና ይሸቱ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ናናዋን ለቀጠማ ሻጯ መለስኩላት።

"እህቴ፣ ከነቀልሽበት መልሰሽ ትከያት።"

"ለአንዲት ቅጠል?" ብላ ሳቀችብኝ።

"እዚያ ሰው ያልፋል" አልኳት።