በቅበላ እሑድ የተገጠመ ቬንቲሌተር

የሰርጌ ዕለት ጧት ነቀምቴ ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ ጓሮ፣ የአሮጌ ጂፕ ኮፈን ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሽቦ አስር ነበር። ሱፌ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሚዜዬ በየደቂቃው እየመጣ ሰዓቱን ያሳየኛል፤ እኔም በየደቂቃው «አሁን ጨረስሁ» እለዋለሁ።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዕለቱ ቅበላ ነው። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ደግሞ ሰርግ የለም። ከፋሲካ በኋላ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ኪራሙ እንደምላክ ተነግሮኛል፤ መቼ እንደምመለስ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሙሽራዬ ያለችው ሲሬ ነው። አባቷ ከጎጃም መጥተው እዚያ የከተሙ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼን ሲያሰናብቱ አንድ ቃል ብቻ አስቀመጡ፦ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመጣ ይውሰዳት። ከዚያ ካለፈ ሰዓት እላፊ ይደርስባቸዋል፣ ኬላውም ይዘጋል። ልጄን መንገድ ላይ አላሳድርም።»

ጂፗ የእንግሊዝ ሥራ ናት፤ ባለቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነው። መኪናዋንም ሹፍርናውንም በሰርግ ስጦታ መልክ ሰጥቶኛል። ሳምንት ሲቀረን ግን ቬንቲሌተሯ ተሰበረ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሞተር ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን ውኃ ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል፤ እዚያ ከፊት የሚገባው ነፋስ ውኃውን ያበርደዋል። ከራዲያተሩ ጀርባ ሆኖ ነፋሱን ወደ ውስጥ የሚስበው ቬንቲሌተር ነው። የእኛ በሞተሩ ጉልበት፣ በቺንጋ የሚዞር ነበር፤ አንድ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። መለዋወጫ ጠፍቷል። እኔ ከተገለበጠች ትንሽ መኪና ላይ የተነቀለ፣ በባትሪ የሚሠራ ቬንቲሌተር ፈልጌ አገኘሁና በቦታው ገጠምሁት። ቀዩን ገመድ ወደ መብራት ከሚሄደው መስመር ቀጠልሁ፤ መካከል ላይ ፊውዝና ማብሪያ አስገባሁ። ጥቁሩን ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን አጠበቅሁ። ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው፣ ኔጋቲቭ ምንጊዜም ከአካል ጋር ነው፤ ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ።

ሞተሩን አስነሥተን ቆመን ጠበቅን። ቬንቲሌተሩ ዞረ፤ የሙቀቱ መርፌ ከመካከል አላለፈም።

«መምህር፣ በረደችልህ!» አለ ባለሱቁ። «ለሱቄም አንድ ግጠምልኝ፤ ደንበኛ በዋጋ ሲከራከረኝ የሚያበርደው አጥቻለሁ።»

ነድተን አልሞከርናትም። ቤንዚን በኩፖን ነበርና ያለን ሲሬ አድርሶ ለመመለስ ብቻ የሚበቃ ነው። እጄን ታጥቤ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ሚዜዬ በጂፗ አፍንጫ ላይ ነጭ ሪባን አስሮ ተነሣን።

ጉቴን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መርፌው ተነሣ። መጀመሪያ የመንገዱ ጉብታ ያንቀጠቀጠው መሰለኝ። ከዚያ ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ጠርዝም እንፋሎት ወጣ። ባለሱቁ ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ። የቬንቲሌተሩን ማብሪያ ግን እንዳይነካ ነገርሁት፤ ይዙር፣ ያብርድ።

ሚዜዬ የዚያው የወለጋ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ይቀልዳል። «ያ ሚቹ፣ ወዳጄ፣ ሻይ ቅጠል ይዘሃል? ውኃው ፈልቷል» አለኝ።

አልሣቅሁም። በመኪናዋ ዙሪያ እዞራለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ደግሞ እዞራለሁ። ቆሜ ማሰብ አቃተኝ። ከወንዝ ውኃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት እናት አጠገባችን ቆመች። «ማል ታተን?» አለች፤ ምን ሆናችሁ ማለቷ ነው። ሚዜዬ በኦሮምኛ ሲያስረዳት እንስራዋን ከጀርባዋ አወረደች። ውኃው እስኪበርድ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት አደገኛ ስለሆነ እንጠብቅ አልሁ። መጠበቅ ግን ለእኔ ከዳገቱ የከበደ ነበር።

ዓይኔ ሪባኑ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። መኪናዋ ቆማለች። የመንገዱ ዳር ሣር አይነቃነቅም። ሪባኑ ግን አንድ ሰው ከውስጥ እፍ እንደሚለው ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ሲሬ ተዘርግቶ ይውለበለባል። ቬንቲሌተሩ ነፋስ አይስብም፤ ይገፋል! ቆመን ስንሞክራት የገፋውም ነፋስ ቢሆን በራዲያተሩ ያልፋልና ያበርዳል። ስንነዳ ግን ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ተጋፍቶ መለሰው።

ለምን? የሾፌሩን ወንበር አነሣሁ፤ ባትሪው ከሥሩ ነው። የመደመር ምልክት ካለበት ጫፍ የወጣው ወፍራም ገመድ ከመኪናዋ አካል ጋር ታስሯል። ይህች አሮጊት ከሰሌዳዬ በተቃራኒ የተሠራች ናት፤ አካሏ ፖዘቲቭ ነው። ቬንቲሌተሩም ገመዶቹ ስለተቀያየሩበት ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ቀዩንና ጥቁሩን አቀያየርሁ። ሪባኑ ወደ ኋላ ተስቦ ከፍርግርጉ ጋር ተጣበቀ።

«ቆይ እስቲ» አለ ባለሱቁ፣ «እስካሁን መንገዱን ነበር የምናበርደው?»

እናትዬዋ ውኃዋን ሰጠችን፣ መርቃም ሸኘችን። ዳገቱን ጨረስነው።

ሲሬ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የሙሽራዪቱ ጓደኞች ደጁን ዘግተው ቆመዋል። አንዷ እጄን አየችና «ሙሽራው የቱ ነው? ይሄማ ረዳቱ ነው!» አለች። ሌላዋ «ተዪው፣ ግራሶ ተቀብቶ ነው የመጣው፤ ለእኛ ሽቶ ጠፍቶበት» አለች። ሣቁ ሳያልቅ አባቷ ከዳሱ ወጡ። ልጃገረዶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። እኔን አላዩኝም፤ ጂፗን አዩ፤ ከዚያ ፀሐይዋን።

«ይህች ልጄን ከመምሸቱ በፊት ታደርሳታለች?»

«አባባ፣ ሞተር ሲሠራ ይግላል፤ ሙቀቱን ውኃ ተቀብሎ...» ብዬ ጀመርሁ።

እጃቸውን አነሡ። ባለሱቁን «አስነሣት» አሉት። ቬንቲሌተሩ ሲዞር ወደ ጂፗ አፍንጫ ቀርበው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ፍርግርጉ አስጠጉ። ጋቢው ተጣበቀ። ሳብ አድርገው አላቀቁት፣ እንደገና አስጠጉት፣ እንደገና ተጣበቀ።

«ትስባለች» አሉ። ወደ ዳሱም ዞረው «ምሳውን ፈጠን አድርጉት፤ ልጆቹ መንገደኞች ናቸው» አሉ።

ስንመለስ ሙሽራዬ ከኋላ፣ ከአጠገቤ ናት። ሚዜዬ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል። እኔ አንገቴን በሁለቱ መካከል አስግጌ መርፌውን እጠብቃለሁ። በዳገቱም በቁልቁለቱም ከመካከል አላለፈም፤ እኔ ግን ማመን አልቻልሁም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ሙሽራዬ ሚዜዬን ጠራችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ መርፌዋን አንተ ጠብቃት። እሱ ወደዚህ ይዙር።»

ዞርሁ። ጆሮዬን ግን ኬላውን ሳይዘጋ እስክናልፍ ድረስ ከቬንቲሌተሩ ድምፅ አላነሣሁም።