የፌንጣው ጆሮ

ጋሽዬን የማይወድ ሰው በዚያች ከተማ አለ ቢባል ማንም አያምንም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰዉን ፀጉር ሲያስተካክሉ፣ ጢሙን ሲላጩ፣ ሳሙናና ስኳር ሲሸጡለት የኖሩ ሰው ናቸው። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ በግራ የሚሽከረከረው የመላጫ ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀው መስታወት፣ በቀኝ መደርደሪያውና ወደ መንገድ የሚከፈተው የሱቅ መስኮት። ወንበሩ ከመስኮቱ ቢርቅ አንድ ክንድ ነው። ጋሽዬ በቀኝ እጃቸው ምላጭ እንደያዙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በግራ እጃቸው ክብሪቱን፣ ሻማውን፣ ባትሪውን ያቀብላሉ። «በቀኝ እላጫለሁ፣ በግራ እሸጣለሁ፣ ባፌ አስቃለሁ፤ ሥራ ፈት እግሬ ብቻ ነው» ይላሉ። ለጨዋታቸው ሲል ፀጉሩ ሳያድግ የሚመጣም ሞልቷል። አንድ መላጣ ጡረተኛማ በየሳምንቱ ወንበሩ ላይ ይሰየማል። «ዛሬ ምንህን ላስተካክልልህ?» ሲሉት «ሐሳቤን» ይላል።

ከጨዋታቸው ሁሉ ግን የሚወደደው የፌንጣው ነው። እንግዳ ሰው ከተገኘ «ጋሽዬ፣ እስቲ የፌንጣውን!» ይባላል። እሳቸውም ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ወንበሩ ላይ ቂብ ይሉና፣ አንድ ወጣት ሲላጭ እንዴት እንደ ፌንጣ እንደዘለለ፣ ጆሮውንም በገዛ ፈቃዱ ለምላጭ እንዳቀበለ እየተወናጨፉ ያሳያሉ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንዳንዴ ባለታሪኩ ፌንጣ ራሱ ተራ ሲጠብቅ አግዳሚው ላይ ይገኛል። እሱም ፈገግ ይላል።

እውነቱ ግን ወዲህ ነው፤ ጋሽዬም አሳምረው ያውቁታል። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ያ ወጣት ንቅንቅ አላለም። አዲስ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ የከተማዋ አውቶቡስ ባለቤት ሾፌር ይፈልጋል ቢሉት፣ አምሮበት ለመሄድ ነበር ሊላጭ የገባው። ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ አንዲት ሴትዮ በመስኮቱ «ክብሪት!» አለች። ጋሽዬ ፊታቸውን አዞሩ፣ አቀበሉ፣ አንድ ቀልድም ጣል አደረጉላት። ቀኝ እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም ነበር። ሲመለሱ የልጁ ጆሮ ጫፍ ተቆርጦ ደሙ ፎጣው ላይ ይወርዳል። አግዳሚው ላይ አምስት ሰው አለ፤ አምስቱም በቀልዱ እየሳቁ ወደ ሴትዮዋ ነበር የሚያዩት። የጋሽዬ ቆሌ ተገፈፈ። እጁ የማይታመን ላጭ ደጅ ማን ይመጣል? «አትነቃነቅ አላልኩህም! ምን እንደ ፌንጣ ያዘልልሃል!» ብለው ጮሁ። አምስቱም ሳቁ። ወጣቱ አፉን ከፈተ፣ ዙሪያውን አየ፣ መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ የአውቶቡሱ ባለቤት ራሱ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። «ያ ጆሮውን በፋሻ የጠቀለለው ልጅ፣ እውነት ካንተ ወንበር ላይ ዘሎ ነው?» አለ። እውነቱን ለማውጣት እንደዚያ ያለ ቀን አይገኝም ነበር። ጋሽዬስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ፎጣውን ጠምጥመው ዘለሉ! ባለቤቱ እንባው እስኪመጣ ስቆ ሲያበቃ «ሁለት ደቂቃ ወንበር ላይ የማይረጋ ሰው ስልሳ ነፍስ ጭኖ ያንን ቁልቁለት ሊወርድ? በል ተወው» አለ። ጋሽዬ አብረው ሳቁ። ፌንጣውም አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣ የሚጭንና የሚያወርድ ሆኖ ቀረ፤ መሪ አልጨበጠም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ጋሽዬ ግን ሊያሹት ያልሞከሩት ነገር የለም። ለፌንጣው ሁልጊዜ አዲስ ምላጭ ይከፍታሉ፣ ተራ ሳይጠብቅ ያስቀምጡታል፣ ቤቱ ስኳር ይልካሉ። ሰዉ ይህን ሲያይ «አይ ጋሽዬ፣ ልባቸው!» ይላል፤ ይኸ ምስጋና ደግሞ ይብስ ያንገበግባቸዋል። ሚስታቸው ነገሩን ያውቃሉ። በመስኮቱ ወደ መንገዱ እያዩ «ሰውየው ሻንጣ ተሸክሞ አለፈ» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ያን ቀን ለጋሽዬ ምሳ አይወርድላቸውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የፌንጣው ልጅ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። አባቱ ደጅ ያለችው መቀመጫ ላይ ቀረ። «ጋሽዬ፣ አሳምረው ይላጩኝ። አውቶቡሱን ልነዳ ተረክቤያለሁ፤ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው» አለ ልጁ።

«እንኳን ደስ ያለህ» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። መላጣው ጡረተኛ ግን አላስቻለውም። «አደራ እንዳትነቃነቅ! ዘር ከልጓም ይስባል!» ሲል ሳቅ ሆነ። «ጋሽዬ፣ እስቲ የፌንጣውን አንዴ!» አለ ሌላው።

ጋሽዬ አረፋውን እየቀቡ ልጁን በመስታወቱ አዩት። ይስቃል፤ ግን ጆሮው ቀልቷል። እጆቹ የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል፣ አንገቱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አባቱም እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው።

«ዘና በል እንጂ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው።

«አይ፣ እንዲህ ይሻላል ጋሽዬ። አባዬ ከዚህ ተላጭቶ በመጣ ቁጥር አንገቱ ይደርቅበታል። በሙቅ ውሃ የማሸው እኔ ነኝ» አለ፣ አሁንም እየሳቀ።

ጋሽዬን እፍረት ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ፀጉራቸው ወረራቸው። ምላጩን አስቀመጡ።

«አልዘለለም» አሉ። «አባትህ ንቅንቅ አላለም። ክብሪት ልሸጥ ዞሬ ጆሮውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሥራውን ያስቀረሁበትም እኔ ነኝ።»

 ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አይ ጋሽዬ! ዛሬ ደግሞ ገልብጠው አመጡት!»

«ለልጁ ሞራል ብለው እኮ ነው! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

«እውነቴን ነው» አሉ፤ ሳቁ ባሰ። ማሉ፤ ጡረተኛው እንባውን ጠረገ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲያስቁት የኖሩት ሰው አንዲት እውነት አልቀበል አላቸው።

ያልሳቀው ልጁ ብቻ ነበር። አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ዞሮ አያቸው። «ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ይንገሩት» አለ፣ በአገጩ ወደ ደጅ እያመለከተ።

ጋሽዬ ያን ሥራ ፈት ያሉትን እግራቸውን አንስተው ወጡ። ሰውየው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። ጋሽዬ ዓይኑን ማየት አቃታቸው። የጎደለውን የጆሮውን ጫፍ እያዩ፣ ዕድሜ ልካቸውን «አንተ ፌንጣ» ሲሉት የኖሩትን ሰው «ይቅር ይበሉኝ» አሉት።

«ሴትዮዋ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ ነበር» አለ ሰውየው። «ክብሪቱ እንዳይረጥብብሽ ብለው ነበር የቀለዱት። አንዱንም አልረሳሁት።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ያምነኝ ነበር? እርስዎን እኮ አገር ይወድዎታል።»

ጋሽዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ከውስጥ ሳቁ ገና አላለቀም። ሰውየው ሰዓቱን አየ።

«በሉ ይግቡ፣ ልጄ ይረፍድበታል» አለ። «መጀመሪያ ግን የሱቁን መስኮት ይዝጉት።»

ጋሽዬ ገብተው ዘጉት።