ጋቢና የመስታወት ብሎኬት

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ ሰው አላምንም። ሰሞኑን ሻወሩን ከእጅ መታጠቢያው የሚለየው የመስታወት ብሎኬት ሲደረደር፣ በር ላይ ተገትሬ የዋልኩት ለዚህ ነው። ግንበኛው አያ ደምሌ «ብርሃን ያስገባል እንጂ ሰው አያሳይም» ይላሉ፤ ብሎኬቱን የሸጠልኝ የፒያሳ ነጋዴም ቃል በቃል እንዲሁ ነበር ያለኝ፤ ተመካክረው ይሆናል ብዬ አንዱን ብሎኬት አንስቼ እጄን ከማዶው አድርጌ አየሁት፤ ጣቶቼ ባይለዩም እጅ መሆኑ ያስታውቃል።

ግድግዳው የሚሠራው ላሳደገችኝ አክስቴ ለእታበባ ነው። ክረምት ላይ ጓሮ ስትታጠብ ድንጋይ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ ገላዋን የሚነካው እርጥብ ፎጣ ብቻ ነው። ሻወሩን ደግሞ «በመስታወት ከልለሽ ሰው ፊት ልታቆሚኝ ነው?» ብላ እምቢ አለች። እሷ ካልገባችበት ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው? ግን ምን ብዬ ልውቀሳት፤ መጠርጠርን የተማርኩት ከእሷው ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ቀሐ ወንዝ አካባቢ በነበረው ቤታችን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታቆመኝና፣ ፀሐይ ያሞቀውን የባልዲ ውሃ አጠገቤ አስቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ጋቢዋን በሁለት እጇ ወደ ላይ ወጥራ ግድግዳ ትሆነኝ ነበር፤ ከጋቢው በላይ የሚታየኝ የጣቶቿ ጫፍና ቁራጭ ሰማይ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ፎቅ ሲጀምር ግን ሰማዩም ተበላሸብን፤ ግንበኞች መወጣጫው ላይ ተሰቀሉ፣ የሲሚንቶው ሽታ ከሳሙናዬ ጋር ተደባለቀ፣ እታበባም ጋቢውን እንደያዘች እነሱ ወደሄዱበት እየዞረች «ምነው አንተ፣ የምትለስነው ግድግዳ እዚህ ነው ያለው?» እያለች ትጮህባቸው ጀመር። እነሱ ይስቃሉ። እኔ ደግሞ እሷንም ስለማላምን፣ ዞራ ታየኝ እንደሆን ልፈትናት ከጋቢው ጀርባ ምላሴን አወጣባታለሁ፤ «አታይኝም አይደል?» ስላት «ምን ሸጋ ነገር አለሽና!» ትለኛለች።

ግድግዳው ደረቀ። እታበባ አያ ደምሌ ከግቢ መውጣታቸውን በመስኮት አይታ፣ አጥር ዘለው የሚመለሱ ይመስል ጥቂት ጠብቃ፣ «አንዴ ልሞክረው» ብላ ሻወሩ ውስጥ ገባች።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ወዴት ዞረሽ?»

«ወደ በሩ፣ እታበባ።»

«እስቲ ለማንኛውም ጋቢውን ያዥልኝ።»

መስታወት ፊት ጋቢ! ልስቅ ነበር፤ አልሳቅሁም፤ በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝኩት። ውሃው መውረድ ሲጀምር ከውስጥ ረጅም «እፎይ» ሰማሁ። ያኔ ልክ እንደጠረጠረችኝ ዞርኩና በጋቢው ጠርዝ አጮለቅሁ። ያቺ ቆማ ግንበኛውን ሁሉ የምትመክት ሴት፣ እዚያ ማዶ የተሰባበረች ትንሽ ጥላ ሆናለች፤ ራሷ ከግድግዳው እኩሌታ እንኳ አያልፍም። ጋቢውን እስከ ደረቴ ባወርደው ይሸፍናታል።

«አታይኝም አይደል?» አለችኝ።

«ምን ሸጋ ነገር አለሽና!» አልኳት፤ እጄ ቢዝልም ጋቢውን ከራሴ በላይ ከፍ አደረግሁት።