እሳት ያየው መለኪያ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናግሬአለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ልናገር እነሣለሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ሌላ ትንሽ ኃጢአት ፈልጌ በቦታው እተካለሁ።

ባሌ በቀለ አሰላ ውስጥ ትራክተርና የእህል መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ይሠራ ነበር። ትራክተር ወደ አርሲ ገና መግባቱ ነው። ጋራዡ የብረት ጥንካሬ የሚለካበት፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነበረው። ከሥሩ ትንሽ የብረት ኳስ አለችው፤ ከኳሷ በላይ ደግሞ ጥንካሬው የታወቀ፣ ጣት የሚያህል መለኪያ ብረት ይገባል። መሣሪያውን በሚመረመረው ብረት ላይ አቁመው በመዶሻ ሲመቱት ኳሷ ሁለቱንም ትሰረጉዳለች። የሁለቱን ጉድጓድ ስፋት በማጉያ መነጽር ያስተያያሉ፤ የሰፋው ለስላሳው ነው። በቀለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ያመጣውና ኳሷን በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። መለኪያው ብረት ላይ የተመታው ቦታ ዳግመኛ እንዳይመታ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል።

«ይቺን ብረት እሳት እንዳያያት፤ እሳት ካየች ትዋሻለች» ይለኝ ነበር።

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ልጄ ታመመች። ውሻ አስደንግጧት እንቅልፍ አጣች፤ ምግብ ትታ ከሳች። ጠበል አስጠመቅኳት። ጎረቤቶቼ ደግሞ የጋለ ብረት የተነከረበት ውሃ አጠጪያት አሉኝ። ይህ ውሃ የሚገኘው ከቀጥቃጭ ቤት ነው። የጋራዡ ቀጥቃጭ የቱፋ ቤት ከጓሮአችን ቀጥሎ ነበር። ብለምነው እምቢ ይለኝ ነበር? አይለኝም። እኔ ግን ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው ብዬ የማምን፣ በማኅበርተኞቼ ፊት አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድ ሴት ነበርኩ። ቅል ይዤ በእሱ ደጅ ልታይ? ቤቴ ያለው ማጭድም መጥረቢያም ከቀጥቃጭ እጅ የወጣ ነው። ያ መለኪያ ብቻ ከውጭ አገር የመጣ ነውና ንጹሕ ነው አልኩ። ብረቱን ፈለግሁ፤ የቀጥቃጩን እጅ ተጸየፍኩ።

በቀለ ገበያ ሲወጣ ከሰል አቀጣጠልኩ። እኔ ነኝ ያጋልኩት። እስኪቀላ አራግቤ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ በስመ አብ ብዬ ልጄን አጠጣኋት። ከዚያ ብረቱን በአመድና በአሸዋ ፈትጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ የጠፋውን የጠመኔ ምልክት እንደነበረ አድርጌ ቦታው መለስኩት።

ልጄ ዳነች። ጠበሉ ይሁን ውሃው እግዚአብሔር ያውቃል፤ ስሙ ይመስገን። ብረቱ ግን እሳትና ውሃ ሲፈራረቁበት ከቀድሞው በላይ ጠንክሯል። ከእሱ ጋር የተለካ ሁሉ ለስላሳ መምሰሉ ነው።

ቱፋ የተጎታች ማያያዣ ፒን ሠርቶ አመጣ። በቀለ ለካው። የተባባሉትን እራት ላይ እየሳቀ ነገረኝ።

«ቱፋ፣ ገና ለስላሳ ነው። መልሰህ አግለህ ንከረው።»

«ኧረ በቀለ! ይቺ ዕቃህ ከእኔ ጋር ተጣልታለች እንዴ? ባለፈው ስታመሰግነኝ አልነበር?»

«ምን ላድርግህ፣ ዛሬ አልወደደችህም።»

ቱፋም ስቆ፣ አብዝቶ አግሎ ነከረው፤ በቀለም ዳግመኛ ለክቶ አሁን ልክ ነው አለው። እኔ ይህን ሰማሁ። እሳት ካየች ትዋሻለች ያለኝም ትዝ አለኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ወጥ ጨመርኩለት።

ፒኑ እንደ ጠርሙስ ደርቆ ነበር። ወደ ዴራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተሰበረ፤ ተጎታቹ ተገለበጠ። በተጫነው የስንዴ ጆንያ ላይ የተቀመጠ የቀን ሠራተኛ እግሩን አጣ።

ከተማው ምን አለ? ቡዳው ብረቱን በላው አለ። ቱፋ ከሥራው ተባረረ። ሴቶቹ ቤቴ ተቀምጠው ሲያሙት እኔም ከክፉ ዓይኑ አድነን ብዬ አማተብኩ። በየትኛው እጄ? ያንኑ ብረት ባጋለው እጄ! ያ ሁሉ ሰው ሳይጠይቅ ሳይመረምር መፍረዱ ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን እነሱ አያውቁም ነበር። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ አማተብኩ።

ቱፋ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አቦምሳ ሊሄድ ዕቃው መኪና ላይ ተጫነ። ከመሄዱ በፊት በራችን ላይ ቆመ፤ ቅል ይዟል።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ልጅቱ ታማ ነበር አሉኝ። የብረት ውሃ ነው። ምነው ሳይልኩብኝ?»

ድናለች ብዬ ብነግረው በምን ዳነች ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ።

«አስቀምጠው» አልኩት። በዕድሜ አባቴ የሚሆነውን ሰው አንተ አልኩት። መኪናው ሲነሣ ውሃውን ጓሮ ደፋሁት።

በቀለ እስኪሞት ድረስ ጥፋቱ የቱፋ ነው ብሎ አመነ። ቱፋም አቦምሳ ሞተ አሉኝ። ስለ ልጄ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ ባመሰገንኩ ቁጥር ግን ራሴን እጠላለሁ። የእናት አንጀት ነው፣ ጨንቆኝ ነው እንዳልል፣ ጭንቀቴ ልጄ ስትድን አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ለማን ነበር? ለስሜ ነበር።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የቱፋ ልጆች ግን በሕይወት ካላችሁ ይህን ስሙኝ። ብረቱን ያበላሸሁት እኔ ወርቅነሽ ነኝ። አባታችሁ መጀመሪያ ያመጣው ፒን ልክ ነበር።