አባል ያልሆነችው ተከራይ

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ጋሽ አምባዬ ኮምቦልቻ ውስጥ የሰፈራቸውን ቅሬ ሲመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ በደንብ ነገር ቀልድ አያውቁም። ለቀብር ያረፈደ አባል ከኀዘንተኛው ይልቅ የእሳቸው ግልምጫ ያስጨንቀዋል።

ኮሌራ ገባ በተባለ ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጽናት መጣችና ለሰፈሩ የተላከው የውሃ ማከሚያና ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የኦአርኤስ ዱቄት ለሁሉም እንደማይዳረስ ነገረቻቸው። እንዴት ይከፋፈል? ጋሽ አምባዬ አላመነቱም፤ በቅሬው በኩል ይሁን አሉ። ሀብታም ድኻ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል እያንዳንዱ የአባል ቤት እኩል ያገኛል። ሽሚያ እንዳይነሳም አንድ ደንብ ጨመሩበት፤ ማንም ከድርሻው ቀንሶ አባል ላልሆነ ሰው እንዳይሰጥ። ለራሳቸው ቤት እንኳ ሳያስቀሩ አድለው ጨረሱ። ሰፈሩ መረቃቸው፤ እሳቸውም፣ ምን ይደበቃል፣ ምርቃቱ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ።

የተረሱት ሰዎች ግን ሩቅ አልነበሩም። ለፋብሪካ ሥራ ከየገጠሩ የሚመጡት ልጆች በየጓሮው ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም ተብሎ ቅሬ አይገባም። የጋሽ አምባዬን የጓሮ ክፍል የያዘችው አትጠገብ የተባለች ልጅም እንደዚያው ናት። የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነች፤ ልብስ ፋብሪካ ትሰፋለች፤ ከሥራ ስትመለስ ጋሽ አምባዬን አንገቷን ደፍታ ሰላም ብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

አንድ ቀን ሥራ ሳትወጣ ረፈደ። ጋሽ አምባዬ በሯን ገፋ ቢያደርጉ ዓይኖቿ ጎድጉደው፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ መልስ መስጠት አቅቷት አገኟት። ለጽናት ደወሉ። አምቡላንሱ ሐርቡ እንደሄደና እስኪመለስ ከጎረቤት ኦአርኤስ ፈልገው በጥብጠው በማንኪያ እንዲያጠጧት፣ አለዚያ ልጅቷ እንደማትቆይ ነገረቻቸው። ስኳርና ጨው በጥብጠው እንዳይሰጧት ስኳር ከሱቅ ከጠፋ ሰንብቷል።

ጎረቤታቸው ጀሚል ዘንድ ሮጡ። ጀሚል በሩን ይዞ ቆመ፤ ፊታቸውን ማየት አቃተው።

«ጋሼ፣ ለአባል ብቻ ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ? ወላሂ ጨክኜ አይደለም። ሕፃናቱ ነገ ቢታመሙብኝ የማን በር ላይ እቆማለሁ?»

የራሳቸው ቃል ነው። ቀጣዩ ቤት ሄዱ፤ ያው መልስ ጠበቃቸው። ከዚያም ቀጥሎ ያለው ቤት እንዲሁ። ሰፈሩን ደንብ አክባሪ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደንቡን አምርረው ረገሙት። ፀሐዩ እየከረረ ሄደ፤ ልጅቱ እየደከመች ነው።

ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ የጀሚል ሚስት ሱዓድ ከኋላቸው ደረሰች። ለባሏ ሳትነግር ድርሻቸውን በሙሉ ይዛ ወጥታለች። በጥብጠው በማንኪያ ያጠጧት ጀመር። መጀመሪያ ዋጠች፤ በኋላ ከአፏ ጥግ ይፈስ ጀመር። አምቡላንሱ ዘግይቶ ደረሰ፤ ለኮሌራ ሕሙማን ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን ወሰዳት፤ ግሉኮስ ተሰካላት። አልተረፈችም።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራቸው የቅሬው ወንዶች ዶማና አካፋቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተገኙ። መጀመሪያ ጉድጓድ ውስጥ የገባው ጀሚል ነበር፤ ቀና ሳይል ቆፈረ። የጤና ሰዎች በመድኃኒት የረጩትን አስከሬን ወንዶቹ ከሩቅ ሆነው ሸኙት። አባል ናት ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ መርዶ ሰምተው ከገጠር የደረሱት የአትጠገብ አባት አቶ አግማስ ወደ ጋሽ አምባዬ መጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

«ዘመድ በሌለበት ልጄን እንደ ወገን ቀበራችሁልኝ፤ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል። እንዲህ ያለ ሰፈር እንደምትኖር ባውቅ ኖሮ ያን ያህል አልሰጋም ነበር።»

ጋሽ አምባዬ አሜን አላሉም፤ ባርኔጣውን ተቀብለው በአቶ አግማስ ራስ ላይ መልሰው ደፉት።