በኋላ ማርሽ የወጣነው ዳገት

የአባቴ መኪና በዕድሜ እኔን ትበልጠኝ ነበር። አምቦ ውስጥ ወፍጮ ቤት የነበረው አንድ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠላቸው ትንሽ መኪና ናት፤ በሊብሬዋ ላይ የከተማችን ስም ገና «ሀገረ ሕይወት» ተብሎ ተጽፏል። ሜዳውን ታግላ ትሄዳለች፤ ዳገት ሲገጥማት ግን ትንፋሿ ያጥራል።

አባቴ በአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። የሰውን ቃል ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ኦሮምኛ ሲያቀብሉ ኖረዋል። ለመኪናዋም ሕግ አውጥተውላት ነበር፦ ዳገት ሲደረስ ከነጂው በቀር ሁሉም ይወርዳል፤ እርሷም ባዶዋን ወጥታ አናቱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቄስም ሆነ ዳኛ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እግረኞቹን አልፈው የሚሄዱ ሾፌሮች መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «ኦቦ፣ ዛሬስ ማን ማንን ነው የሚነዳው?» ይሏቸዋል።

የኋላ ማርሽ ከአንደኛውም የበለጠ ጉልበት እንዳለው፣ ደካማ መኪና ዞራ ዳገቱን ብትያያዝ ሰው ጭናም እንደምትወጣ ያልነገራቸው አልነበረም። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ወደምሄድበት ጀርባዬን አልሰጥም።»

የሰሜኑ ጦርነት በበረታ ጊዜ ደህና ደህናዎቹ መኪኖች ለግዳጅ ተወሰዱ። መዝጋቢዎቹ የእኛን ደጅ ባንኳኩ ዕለት አንደኛው ጎማዋን በጫማው ነካ አድርጎ ሳቀ፤ ሳይመዘግቧትም ወጡ። አባቴ ያን ቀን እራታቸውን አልበሉም። ብትወሰድባቸው ይሻላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ልባቸው ደከመ። እግራቸው አበጠ፤ ጋደም ሲሉ አየር ያጥራቸዋል። ያያቸው ሐኪም ሳይውሉ ሳያድሩ አዲስ አበባ ይድረሱ አለን፤ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳይራመዱም አስጠነቀቀ። አውቶቡሱ ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። የቀረችን ያችው መኪና ነበረች፤ መንጃ ፈቃድ ያለኝም እኔ ብቻ።

በማለዳ ተነሣን። ጊንጪ ሳንደርስ ካለው ዳገት ሥር እናቴ ማንም ሳይነግራቸው ወረዱ፤ ነጠላቸውን አገልድመውም በእግራቸው ያዘግሙ ጀመር። መኪናዋ አባቴን ብቻ ይዛ ግማሽ እንኳ ሳትደርስ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። ፍሬኑን ረገጥሁ። አባቴ እጃቸውን የበሩ እጀታ ላይ አኖሩ።

«አባባ፣ አይወርዱም» አልኋቸው።

«ታዲያ በምን ትውጣ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ግን ከአፌ ላወጣው አልደፈርሁም። ዳገቱን ቀና ብለው ብዙ ተመለከቱት። ከዚያም እጃቸውን ከበሩ አንሥተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«አዙራት» አሉኝ።

ወደ ሜዳው አንሸራትቼ አዞርኋትና የኋላ ማርሽ አስገባሁ። እያቃሰተች መውጣት ጀመረች። አህዮቹን ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ ቆሞ ሳቀብን፤ በኦሮምኛም ወደ አምቦ ነው ወይስ ወደ ጊንጪ የምትሄዱት ሲል ጠየቀ። አባቴ በዚያው በኦሮምኛ፣ ቃላቸውን በትንፋሽ እየቆራረጡ፣ አምቦን የምታየው መኪናዋ ናት፣ እኛስ ወደ ጊንጪ ነን አሉት። ገበሬው ፊታቸውን ሲያይ ሳቁን አቁሞ አህዮቹን ከመንገዱ ገለል አደረገ።

እኔ አንገቴን አዙሬ መንገዱን በኋላው መስታወት ስከተል፣ አባቴ በፊተኛው የመጣንበትን ያያሉ። እናቴን አልፈናቸው ወጣን። ከዚያ በኋላ ከአባቴ ዓይን ፊት የነበሩት እርሳቸው ነበሩ፤ ዳገቱን እየገፉ፣ ከእኛ እየራቁ፣ እያነሱ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምሁ። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ጊንጪም ሩቅ አይደለችም። ደረስን፣ አሁን ትሄዳለች አልኋቸው።

«እናትህን እንጠብቃት» አሉ። ሕጋቸው ነውና ጠበቅን።

እናቴ ላብ አጥምቋቸው ደርሰው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። ስማቸውን ጠርተው ሳይሆን፣ ሁልጊዜ እንደሚሉት «ጋሼ» ብለው ጠሯቸው። አባቴ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አላነሡም። ደግመው ጠሩ። ከዚያ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው የአባቴን ዓይን በመዳፋቸው ከደኑ።

ከኋላ ወንበር ገብተው የአባቴን ጭንቅላት ደግፈው ያዙ። በመጨረሻ ፍሬኑን ለቀቅሁ። መኪናዋን ማዞር አላስፈለገኝም፤ ፊቷ ቀድሞውኑ ወደ አምቦ ነበር።